አፍ የሌለው ድምፅ

ታላቅ እህቴ እትዬ የእንግሊዝኛ የማዳመጥ ፈተናዋን የተለማመደችው እኔን በማየት ነበር። ዛሬ ስጽፈው ነገሩ ራሱን የሚያፈርስ ይመስላል፤ ያኔ ግን ምኑም ግር አላለኝም። የአራተኛ ክፍል ልጅ ነበርኩ፤ የምኖረውም ሰው በዐይኑ በሚሰማበት ሰፈር ነበር።

ከግንቡ ወዲያ የጨርቅ ፋብሪካው የሽመና አዳራሽ አለ፤ ከግንቡ ወዲህ እኛ። እማዬ እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ እዚያ ማሽን ላይ ትቆማለች። አባባ ሲሞት እትዬም ገና በልጅነቷ ከጎኗ ገባች። ትምህርቷን ግን አልጣለችውም፤ ከፈረቃ ስትወጣ የጥጥ ብናኙን በፀጉሯ ይዛ ወደ ማታው ክፍል ትሮጣለች። አዳራሹ ውስጥ በድምፅ መነጋገር ዘበት ነው። ማሽኖቹ ሲነሡ ሰው የገዛ ጩኸቱን አይሰማም። ስለዚህ ሸማኔዎቹ ድምፃቸውን ትተው ከንፈራቸውን ያዙ። አፋቸውን እየለጠጡ፣ ቅንድባቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ ከአዳራሹ ጫፍ እስከ ጫፍ ያወራሉ። ልማዱም ከሥራ በኋላ አብሯቸው ወደ ቤት ይመጣል።

እማዬ ደጃፍ ላይ ቆማ ከመንገዱ ማዶ ካለችው ጎረቤታችን ጋር ስታወራ ብትውል አንዲት ቃል አይሰማም፤ ድንገት ብቻ ሁለቱም በሳቅ ይፈነዳሉ። «የዚህ ሰፈር ሰው ሲታማ እንኳ ክብር አለው፤ እፊቱ ነው የሚታማው» ይባልብን ነበር። እኛም ልጆቹ ቋንቋውን ከጡት ጋር ጠብተነዋል። ክፍል ውስጥ አፋችንን ብቻ እያንቀሳቀስን ስንንጫጫ አስተማሪያችን ሰሌዳው ላይ እየጻፉ «የፋብሪካ ልጆች ጨዋ ናቸው» እያሉ ያመሰግኑናል። ድምፅ ለእኔ፣ ልጅ ለመጥራት፣ ለማልቀስና ለዘፈን የተፈጠረ ነገር ነበር። የትልቅ ሰው ቁም ነገር ያለው ከንፈር ላይ ነው።

ካሴቱን ለእትዬ ያዋሷት የማታው አስተማሪዋ ናቸው። ኮሌጅ ለመግባት የእንግሊዝኛ ፈተና ማለፍ አለባት፤ ፈተናው ማንበብ፣ መጻፍና ማዳመጥ አለው፤ አንዱን የወደቀ ሁሉንም እንደወደቀ ይቆጠራል። ኮሌጁ ከማታ ተማሪዎች የሚቀበለውም ለመጨረሻ ጊዜ ነው ተብሎ ነበር። እትዬ መድኃኒት ቤት መሥራት ትፈልጋለች።

«ነጭ ጋውን፣ የመስታወት መደርደሪያ» ትለኛለች ጫማዋን እያወለቀች፤ «ጸጥ ያለ ክፍል። እንክብል ከእጅህ ቢያመልጥ ጠብ ሲል የሚሰማበት።»

«እኔ ስመጣ ከረሜላ ትሰጪኛለሽ?»

«ለሳል የሚሆነውን። ሳል ካለብህ።»

ቴፑ የአባባ ነበር። መስኮቱ ሥር ባለችው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥነው፤ ቁልፎቹን የመጫን ሥልጣን የእኔ ሆነ። ካሴቱ ውስጥ አንድ ሰውዬና አንዲት ሴትዮ አሉ። ይነጋገራሉ፤ ከዚያ ደወል ይደወልና ሌላ ሰው ጥያቄ ይጠይቃል። ምን እንደሚሉ ባላውቅም ሴትየዋን ወደድኳት፤ ድምፅዋ አዲስ እንደተከፈተ ቧንቧ ነበር።

«አጫውተው» አለች እትዬ። ተጫንኩት። ሴትየዋ ተናገረች፤ ሰውየው መለሰ፤ ደወሉ ተደወለ። እትዬ እርሳሷን እንደያዘች ቀረች።

«መልሰው።»

መለስኩት።

«ድምፁን ጨምረው።»

«መጨረሻው ላይ ነው እኮ፣ እትዬ።»

«ከውኃ ውስጥ ነው እንዴ የሚያወሩት?»

ከግድግዳው ወዲያ የሚኖረው ጎረቤታችን «ኧረ እነዚያን ፈረንጆች ዝም አሰኙልን! ከፈረቃ ወጥተን ተኝተናል!» ብሎ ሲጮህ እኔ በሳቅ ወደቅሁ። እትዬ ግራ ገብቷት አየችኝ። «ምን ያስቅሃል?» አለች። ያኔ ከጓዳው በር ስታየን የነበረችው እማዬ ወጣች፤ ቀጥ ብላ መጥታ ቴፑን ከሶኬቱ ነቀለችው። ሁለቱ ተያዩ። ሁለቱም ከንፈራቸውን አላንቀሳቀሱም።

«ተበላሽቷል» አለችኝ እትዬ በኋላ። «ጋሼ ሽቦ ጋ ውሰደው።»

እኔ ሰውየውንም ሴትየዋንም ጥርት አድርጌ እሰማቸው ነበር። ሆኖም እንግሊዝኛ የምትችለው እርሷ ናት፤ እኔ አልችልም። ጥርት ብሎ የሚሰማኝ ስለማልችል ይሆናል ብዬ ደመደምኩ።

ጋሼ ሽቦ የምንላቸው ሬዲዮና ቴፕ ጠጋኙን ነው። ሱቃቸው ሆዱ በተከፈተ ዕቃ የተሞላ ነው፤ የሚቃጠል ብረት ይሸታል።

«ምኑን አመመው?» አሉኝ።

«ድምፁ ውኃ ውስጥ ገብቷል።»

«ማን አለ?»

«እትዬ።»

ሰኩና አጫወቱት። የሴትየዋ ድምፅ ሱቁን አልፎ መንገድ ወጣ፤ አንድ አላፊ አግዳሚ ዞር ብሎ አየ። «ልጄ፣ ይሄ ቴፕ ከእኔም ከአንተም ይልቅ ጤነኛ ነው» አሉኝ።

«እርስዎ እንግሊዝኛ ይችላሉ?»

«ከየት አምጥቼ?»

«እኔም አልችልም። የሚበላሸው ለሚችል ሰው ነው።»

ጋሼ ሽቦ እስኪያስላቸው ሳቁ። «ደንቆሮ የሰማ ዕለት ያብዳል አሉ...» ብለው ሲጀምሩ በሩ ላይ እማዬን አዩና አፋቸውን ያዙ። ከፈረቃ መውጣቷ ነበር፤ ሽርጧን እንኳ አልፈታችም። ጋሼ ሽቦ ደንበኞቻቸው ሁሉ ሸማኔ ስለሆኑ የከንፈሩን ወግ ያውቃሉ። አፋቸውን ከፈት አድርገው ያለ ድምፅ ያነጋግሯት ጀመር። እማዬ ጀርባዋን ሰጥታኝ ስለነበር ያየሁት የእርሳቸውን አፍ ብቻ ነው።

«ከዕቃው አይደለም፣ እቴ» አሉ።

እማዬ ምን እንዳለች አላየሁም።

«እሷስ ታውቃለች?» አሉ። ከዚያ ደግሞ፣ «ሐኪምስ?» ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «እሺ፤ እንዳልሽ።»

ወደ እኔ ዞረው በድምፅ፣ «መለዋወጫ የለኝም፣ ልጄ። እንዲሁ ያዘው» አሉኝ። ሰነፍ ሰው ናቸው ብዬ ናቅኋቸው። ለጓደኞቼም ጋሼ ሽቦ ሙያ እንደሌላቸው አወራሁ።

ቴፑ ካልተሠራ ቴፕ የምሆነው እኔ ሆንኩ። ከካሴቱ ጋር የመጣ መጽሐፍ አለ፤ ሰውየውና ሴትየዋ የሚሉት ሁሉ መጨረሻው ላይ ተጽፏል። ፊደሎቹን አውቃለሁ፤ አነባበቡን እትዬ ታስተካክልልኛለች። ወንበሬን መስኮቱ ፊት አስቀመጠች፤ ብርሃኑ ፊቴ ላይ እንዲያርፍ አዞረችኝ። ራሷ ከፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«መጽሐፉን ዝቅ አድርገው። አፍህን አትሸፍን።»

«ክብድ ይላል።»

«ጉልበትህ ላይ አድርገው። አዎ። አሁን ተናገር፤ እንደ አይጥ አታንሾካሹክ። ከንፈር የሰጠህ ለጌጥ መሰለህ?»

አነበብኩ። የሴትየዋን ቀጭን አድርጌ፣ የሰውየውን ወፈር አድርጌ፣ ደወሉን በብርጭቆና በማንኪያ እየደወልኩ። እትዬ መለሰች። ሌላ አነበብኩ፤ መለሰች። ስህተቷ እየጠፋ ሄደ። መስኮቱ ፊት ያስቀመጠችኝ ስለማምር ነው ብዬ አምን ነበር፤ ፎቶ ቤት ሰው እንደዚያ ያስቀምጣል። ዐይኗን ከፊቴ አትነቅልም። እንደዚያ አድርጎ ያየኝ ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የለም።

አንድ ቀን ጉንፋን ይዞኝ ድምፄ ሙልጭ ብሎ ጠፋ። ልተወው ብል እትዬ እሺ አላለችም። «ግድ የለም፤ አንብብ» አለች። አፌን ብቻ እያንቀሳቀስኩ አነበብኩላት። እኔ ራሴ የማልሰማውን ሁሉ አንድ ሳትስት መለሰች። ከመገረሜ የተነሣ ጠረጴዛውን ደበደብኩ፤ ድምፅ ሳላወጣም ጮህኩ፤ «እትዬ፣ ጎበዝ ነሽ!» ቀና ስል እማዬ የጓዳው በር ላይ ቆማለች። ሁሉንም አይታለች። ዞራ ገባች፤ የታጠበ ሳህን ስታጥብ አገኘኋት። በታመመ ጉሮሮዬ ስለሠራሁ የተቆጣች መሰለኝ።

አሁን አውቃለሁ። የሽመናው አዳራሽ የእትዬን ጆሮ በልቶት ነበር፤ የእማዬን ቀደም ብሎ ጨርሶታል። ሌላ ሰፈር ቢሆን ሰው ወዲያው ያውቅ ነበር፤ ሲጠሯት አትዞርም፣ ስታወራ ትጮኻለች፣ ከኋላዋ የመጣ ያስደነግጣታል ይባል ነበር። እኛ ሰፈር ግን ማንም ማንንም ከኋላው አይጠራም። ትከሻውን ነካ አድርገህ እፊቱ ትቆማለህ፤ ጨዋነቱ ይህ ነው። በዚህ ጨዋነት ሥር ስንት ጆሮ እንደሞተ የቆጠረ የለም።

ካደግሁ በኋላ እማዬን ፊት ለፊት ተቀምጬ ጠየቅኋት። «አውቅ ነበር» አለችኝ። «የእኔም የጀመረው እንደዚያ ነው። መጀመሪያ የሚሄደው የወፍ ድምፅ ነው። ከዚያ የሕፃን፣ ከዚያ የሴት።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሻትም?»

«እሷ የማታውቀው መሰለህ? ብነግራት ቤት ልትቀር ነው። ደግሞ ኮሌጅ ያሉት የተማሩ ሰዎች ናቸው፤ መቼም ፊታቸውን አዙረው አያናግሯትም ብዬ ነበር።»

እትዬም ተስፋ ያደረገችው ይህንኑ ነው። አስተማሪዋ «አንዳንድ ዓመት ፈታኙ ራሱ መድረክ ላይ ቆሞ ያነባል» ብለዋት ነበር። በዚያች «አንዳንድ ዓመት» ላይ ሕይወቷን ሰቀለች። የሚያነብ ሰው፣ ብርሃን ያረፈበት ፊት፣ የመጀመሪያው ረድፍ፤ እኔን መስኮቱ ፊት ያስቀመጠችኝ ለዚህ ነው።

የፈተናው ዕለት ጎህ ሳይቀድ አስነሣችኝ። ለምን እንደምንቸኩል አልገባኝም። የኮሌጁ በር ገና አልተከፈተም፤ ዘበኛው «ለመጥረግ ነው የመጣችሁት?» ብሎ ቀለደብን። ሲከፍትልን እትዬ ሮጣ ከመድረኩ ፊት ለፊት ያለችውን ወንበር ያዘች። እኔ ውጭ መስኮቱ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። «እንዳትረብሽ፤ አፍህን ዝጋ» ብላኛለች።

ፈታኙ ክራባት ያሰረ፣ ፊተ ሰፊ ሰው ነበር። መድረኩ ላይ ቆሞ መመሪያውን ተናገረ፤ እትዬ አፉን እያየች ራሷን ትነቀንቃለች፤ ትጽፋለች። የማንበቡና የመጻፉ ክፍል አለፈ። እትዬ ላብዋን ጠረገች፤ ቀና ብላ እርሳሷን ያዘች፤ ፈታኙንም ጠበቀች።

ፈታኙ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ግድግዳው ሄደ። እዚያ ላይ ጥቁር የድምፅ ማጉያ ሣጥን ተሰቅሏል። አንድ ቁልፍ ተጫነና መጥቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ እጁን አጣጠፈ፤ ከንፈሩን ዘጋ።

ሴትየዋ ተናገረች። የእኛው ሴትዮ! የካሴታችን! ዘመድ እንዳገኘ ሰው ዘልዬ ተነሣሁ። ድምፅዋ አዳራሹን ሞልቶ በመስኮት ይፈሳል። የእነርሱ ቴፕ እንዴት ደህና ነው፣ ውኃ የለበትም፣ አንድ ሳይቀር ትሰማዋለች ብዬ ደስ አለኝ።

እትዬ ሣጥኑን ታያለች። ሌሎቹ ሁሉ አንገታቸውን ደፍተው ሲጽፉ እርሷ ብቻ ቀና ብላ፣ አፉን ከፍቶ ይናገር እንደሆነ ሣጥኑን ትጠብቃለች። ከዚያ ፈታኙን አየች። ከዚያ በጎኗ ያለውን ልጅ። ከዚያ ዞር ስትል እኔን አየችኝ።

እኔ ከልማዴ አፌ እየሠራ ነበር። የማላውቀውን ወሬ፣ ከሣጥኑ የሚወጣውን ሁሉ እየቀለብኩ ከንፈሬ ላይ አደርገዋለሁ። ዐይኗ አፌ ላይ አረፈ። ለአፍታ ያህል፣ እንደ ቤታችን፣ እንደ መስኮቱ ፊት ሆነ። እኔ አፌን የባሰ ከፈትኩት። እትዬ ፈገግ አለች፤ ጣቷንም ከንፈሯ ላይ አደረገች። ዝም በል ማለቷ ነው። ከዚያ እርሳሷን ጠረጴዛው ላይ አስተኝታ እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች፤ ልክ እንደ ፈታኙ።

ከሁሉ ቀድማ ጨርሳለች ብዬ አመንኩ።

ከብዙ ዓመት በኋላ የዚያን ጣት ነገር አነሣሁባት። ሳትቆጣ ነው የመለሰችልኝ። «ምንህን አነባለሁ? የምትለው ሁሉ ገንፎ ነበር» አለች። «ግን ደህና አድርገህ ብታነብልኝስ? ነገ ክፍል ስገባ፣ ከነገ ወዲያ መድኃኒት ቤት ስቆም፣ በየመስኮቱ አንተን ላቆም ነው? ሣጥኑን ሳየው ነው የገባኝ። ኮሌጁ ሁሉ ሣጥን ነው።» ትክክል ነበረች ወይም ተሳስታ ነበር ለማለት እስካሁን አልደፍርም። ዛሬ ቢሆን አቤት የሚባልበት ቦታ ይገኝ ይሆናል። ያኔ ማንን እንደሚጠይቁ የሚያውቅ ሰው በሰፈራችን አልነበረም፤ ጥያቄ መኖሩን ያወቀም የለም።

ቤት ስንገባ እየጮህኩ ለእማዬ አበሰርኩ። «ከሁሉ ቀድማ ጨረሰች! ሌሎቹ ሲንደፋደፉ እሷ እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች!» እማዬ አፌን አየች፤ ከዚያ የእትዬን ፊት አየች። ጥግ ላይ ከተከመረው ልብስ ሁለት የሥራ ሽርጦች፣ የራሷንና የእትዬን፣ መዘዘችና መዘፍዘፊያው ውስጥ ከተተቻቸው። የእትዬ ሽርጥ ለምን እንደሚታጠብ አልገባኝም። ኮሌጅ ልትገባ አይደል?

ውጤት ሲወጣ አብሬያት ሄድኩ። ጸሐፊው ከመስታወት ጀርባ ተቀምጧል፤ መስታወቱ ላይ ክብ ቀዳዳ አለ። እትዬ ስሟን ተናገረች፤ ድምፅዋ ስለጎላ ተሰልፈው የነበሩት ሁሉ ዞረው አዩዋት። ጸሐፊው ራሱን ሳያነሣ፣ ወረቀቱን እያገላበጠ አንድ ነገር አለ። እትዬ ጎንበስ አለች፤ በቀዳዳው ልታየው ሞከረች። ያየችው መላጣውን ብቻ ነው።

«ምን አለ?» አለችኝ።

ከትልቅ ሰው ጋር በቀጥታ ለመነጋገር አፍራ መሰለኝ። አስተርጓሚ በመሆኔ ኮርቼ ፊት ለፊቷ ቆምኩ፤ አፌንም እንዳስተማረችኝ ከፈት አደረግሁ። «ማንበብ፣ ከሁሉ አንደኛ። መጻፍ፣ በጣም ጥሩ።» ጸሐፊው ቀጠለ። እኔም ቀጠልኩ። «ማዳመጥ፣ ወድቃለች በላት።»

«በላት» የሚለውን ጭምር ነገርኳት። እትዬ ራሷን ነቀነቀች፤ ለጸሐፊውም «አመሰግናለሁ» አለችው። እርሱ አሁንም ቀና አላለም።

መንገድ ላይ ላጽናናት ሞከርኩ። «የእነሱም ቴፕ ተበላሽቶ ነው፣ እትዬ። ጋሼ ሽቦ ሳይሆኑ አይቀሩም የጠገኑላቸው።» ሳቀች። ከልቧ ነው የሳቀችው፤ ቆማ ሆዷን ይዛ፣ ዐይኗ እንባ እስኪያቀርር። እኔም በቀልዴ ተደስቼ አብሬያት ሳቅሁ።

ቤት ስንደርስ ፀሐይዋ መስኮቱ ላይ ነበረች። እትዬ ጫማዋን ሳታወልቅ ጠረጴዛው ፊት ተቀመጠች። እኔ ወንበሬን ወደ ብርሃኑ ሳብ አደረግሁና መጽሐፉን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁ። ራሷን ነቀነቀች።

«ተወው። ካሴቱን አጫውተው።»

«ተበላሽቷል እኮ።»

«አጫውተው። መጨረሻው ላይ አድርገው።»

ተጫንኩት። ሴትየዋ ክፍሉን ሞላችው። ከግድግዳው ወዲያ ጎረቤታችን መጮህ ጀመረ። እትዬ መዳፏን ቴፑ ላይ፣ ድምፁ በሚወጣበት ወንፊት ላይ ዘርግታ አሳረፈች። ዐይኗን ጨፈነች። ሴትየዋ ስትናገር፣ ሰውየው ሲመልስ፣ ደወሉ ሲደወል፣ እጇ አልተነሣም። የታመመ ሕፃን ደረት ላይ እጁን ያኖረ ሰው ትመስል ነበር።

«ይሠራል» አለች በመጨረሻ። «ደህና ነው። ካሴቱን ለአስተማሪዬ መልስላቸው።»

እኔ ከዚያ በላይ አልሰማሁም። ቴፑ ድኗል! እርሷ ራሷ፣ እንግሊዝኛ የምትችለው፣ ይሠራል አለች! እየሮጥኩ ወጣሁ። እማዬ ግቢ ውስጥ ሁለቱን ሽርጦች ገመዱ ላይ ታሰጣለች።

«እማዬ! ቴፑ ተሠራ!» ብዬ ጮህኩ።

ጀርባዋን ሰጥታኝ ነበር፤ አልዞረችም። የእትዬን ሽርጥ ጫፍ ቀጥ አድርጋ መቆንጠጫውን አስገባች። በእርጥቦቹ ሽርጦች ሥር አልፌ፣ ዞሬ እፊቷ ቆምኩ። አፌን ከፈት አድርጌ፣ ቀስ ብዬ፣ ያለ ድምፅ ደገምኩላት።